የወጌሻው ማሊያዎች

በቅርቡ ልጄ ትምህርት ቤት ሲሯሯጥ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለውና አሁን በምኖርበት በባሕር ዳር ወደ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ወሰድኩት። ባለሙያዋ ከነጭ ቱቦ ቅባት ጨምቃ ማሸት ስትጀምር የሜንቶል ሽታ ክፍሉን ሞላው። አፍንጫ የሚወጋ፣ ዓይን የሚያረጥብ ሽታ ነው። ልጄ እግሩን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። «እማዬ፣ አለቀስሽ እንዴ?» አለኝ። ሽታው ነው አልኩት፤ አልዋሸሁትም። ያ ሽታ ግን ለእኔ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ ዳንግላ፣ ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ያለው የጋሽ ይበልጣል ቤት።

ጋሽ ይበልጣል ወጌሻ ነበሩ። በአዘቦት ቀን የወለቀ ይመልሳሉ፣ የተሰበረ ያስራሉ። ከገጠር በቃሬዛ ለመጣው በአዊኛ፣ ለእኛ ለከተማ ልጆች በአማርኛ ይቆጣሉ። የከተማችን እግር ኳስ ቡድን ጨዋታ ሲኖረው ደግሞ ከሜዳው ዳር፣ ተቀያሪዎቹ ከሚቀመጡበት የባሕር ዛፍ አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። አጠገባቸው አረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ በውኃ ተሞልቶ፣ ጉልበታቸው ላይ የጨርቅ ቦርሳቸው። ተጫዋች ሲወድቅ ሕዝቡ «ወጌሻ! ወጌሻ!» እያለ ይጮኻል። እሳቸው ግን ሮጠው አያውቁም። አጭር ካፖርታቸውን ወደ ኋላ እያራገቡ፣ ጆጉን እንዳይፈስ ቀጥ አድርገው ይዘው፣ በፈጣን እርምጃ ይገባሉ። ዳኛው ሰዓቱን ቢያሳያቸውም፣ ተመልካቹ ቢያፏጭም፣ ጎንበስ ብለው መጀመሪያ የወደቀውን ልጅ ፊት ያያሉ። እግሩን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቡድኑ ለወጌሻ የሚከፍለው አልነበረውም። ለተጫዋቾቹም ቢሆን ከጨዋታ በኋላ ከሚጋበዙት ሻይና ፓስቲ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ጋሽ ይበልጣል ቤት ታሽቶ፣ ታስሮ፣ ድኖ የሚወጣ ተጫዋች እጁ ላይ ያለውን ይሰጣል። እጁ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሊያው ነበር።

ቤቱን ከውስጥ ያየሁት የእጄ አንጓ በወለቀ ጊዜ ነው። ኳስ ሜዳው አጥር ላይ ተቀምጬ ጨዋታ ሳይ፣ ጎል ገባ ብዬ ስዘል ወደቅሁ። አባቴ አቅፎኝ ገባ። ሳሎኑ ሰማያዊ ኖራ የተቀባ የጭቃ ቤት ነው። በአንድ በኩል የቀርከሃ አግዳሚ፣ በሌላው በኩል ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ። የቀረው ግድግዳ በሙሉ ማሊያ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ አንገቱ ላይ ቁልፍ ያለው፣ ቁጥሩ በእጅ የተሰፋ፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ። ሁሉም ቀጭን ላስቲክ ለብሰው እጃቸውን ዘርግተው ተሰቅለዋል። መሃል ላይ የአንድ ፈረሰኛ እርካብ፣ ከበሩ በላይ ደግሞ አፉ በጠፍር የታሰረ የድሮ ቆዳ ኳስ።

«ያ ቀዩ ይታይሻል?» አሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ስንታየሁ ነው የሰጠኝ። አሁን አዲስ አበባ ሄዶ ብሔራዊ ቡድን ገብቷል። ያን ቀን ከቡሬ ቡድን ጋር ስንጫወት አፍንጫውን በክርን መቱት። ደሙ እየወረደ 'አልወጣም' አለኝ። እኔም ጥጥ ወተፍኩለትና ገባ። ከማዕዘን ኳስ ተሻማ፣ ዘለለ፣ በዚያው ባበጠ ፊቱ…»

እጄ ቋ አለ። ጎሉ መግባቱን የሰማሁት ከጩኸቴ በኋላ ነው።

በኋላ እንዳወቅሁት ለሁሉም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ማሊያውን እያሳዩ ወሬውን ይጀምራሉ፤ ሰውየው ታሪኩ ውስጥ ሲገባላቸው አጥንቱን ይመልሱታል። ከዚያ ያን ሜንቶል የሚሸት ቅባታቸውን ቀብተው፣ የቀርከሃ ስንጥር ደግፈው፣ በንጹሕ አቡጀዲ ያስሩታል። እጄ ከዳነም በኋላ ወሬውን ለመስማት ብቻ እየሄድኩ ያ አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይሰጡኛል። «ይቺ ልጅ ማሊያ ልትሆን ነው፤ ላስቲክ አልብሰህ ስቀላት» እያሉ በባላቸው ይቀልዱ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የአዲስ አበባው ሰው መጣ። ስንታየሁ በዚያን ጊዜ ስሙ የገነነ ነበር። ለካ አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ማሊያ፣ የድሮ ኳስ፣ የድሮ ዋንጫ የሚሰበስቡ ሰዎች በዝተው ኖሯል። ሆቴል የሚከፍቱ ባለሀብቶች በመስታወት አድርገው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ እርስ በርስም ይሻሻጡታል፤ የዛሬ ዓመት የተገዛው ዘንድሮ በእጥፍ ይሸጣል። ሰውየው በሚያብረቀርቅ ጫማው የዳንግላን ጭቃ እየረገጠ ገብቶ ግድግዳውን ቆሞ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ዋጋ ጠራ። የጠራው ዋጋ ያገለገለ ባጃጅ ይገዛል። የሚገርመው ለሁሉም አይደለም፤ ለቀዩ ማሊያና ለሌሎች ጥቂት ብቻ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ የያዙትን ትሪ መሬት አስቀመጡ። ልጃቸው ምናለ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያላገኘ ልጅ ነው። ፊቱ ሲበራ አየሁት።

ጋሽ ይበልጣል ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች ይህን አውልቀው የሰጡኝ ሲያማቸው ነው። በሰው ሕመም አልነግድም።»

ሰውየው በትሕትና ስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄደ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ለቀናት አልተዉአቸውም። በግድግዳችን በኩል ይሰማን ነበር።

«ሕመሙን ማን ሽጥ አለህ? ጨርቁን ነው እንጂ!»

«ጨርቁ ብቻ ቢሆንማ ማን ይገዛው ነበር?»

«እንግዲህ ልጅህን ምን ልታለብሰው ነው? ማሊያ?»



ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባው ሰው ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋጋ ጨምሮ። ከተማው ውስጥ ወሬው ተናፈሰ። ይበልጣል ግድግዳው ላይ ሀብት ሰቅሎ በባዶ ሆዱ ይተኛል ተባለ። ቡና ቤት የሚቀመጡ ሰዎች የራሳቸውን የድሮ ማሊያ ከሳጥን እያወጡ ያራግፉ ጀመር። ጋሽ ይበልጣል ለጥቂት ጊዜ በራቸውን መቆለፍ ለመዱ፤ ከዚያ በፊት ቁልፍ እንደነበረው እንኳ አላውቅም ነበር።

እኔ ተምሬ አዲስ አበባ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ምናለ ደወለልኝ። የአባቱ ጣቶች አልታጠፍ ብለዋል። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ ኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሆነ። የሰው አጥንት ሲመልሱ የኖሩት እጆች ብርጭቆ መጨበጥ አቃታቸው። ታካሚ መምጣት አቆመ። «ራሱ አባዬ ነው ያለኝ» አለ ምናለ፣ ድምፁ ላይ ደስታም ኀዘንም ነበር። «'ሰውየውን ደውልለት' አለኝ። ማሊያዎቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው። እንዳግዘው እንኳ አልፈቀደም።»

ማሊያዎቹንና እርካቡን በቆርቆሮ ሳጥን አድርገው፣ በገመድ አስረው መጡ። መናኸሪያ ስቀበላቸው ምናለ ሳጥኑን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ጋሽ ይበልጣል ያን አጭር ካፖርት ለብሰው፣ ጣቶቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ደብቀው፣ መኪናውን ሁሉ እየሸሹ ይራመዳሉ። በማግስቱ ወደ ሰውየው ሱቅ አብሬያቸው ሄድኩ።

ሱቁ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከፊት ለፊት የስልክ ሽፋንና የጆሮ ማዳመጫ ተደርድሯል። ማሊያዎቹ ወደ ኋላ ተገፍተው፣ አንዳንዶቹ በመስታወት ሳጥናቸው ውስጥ እንዳሉ እርስ በርስ ተደራርበው፣ አቧራ ጠጥተዋል። ሰውየው አወቃቸው፤ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ወንበር ሰጣቸው። ሸብቷል። ሳጥኑ ሲከፈት ግን እንደ ድሮው አልቆመም፤ ተቀምጦ ነው ያየው።

«ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለ። «ያኔ ቢሰጡኝ ኖሮ እርስዎም እኔም እንጠቀም ነበር። አሁን ገበያው ወድቋል።»

«እንዴት ይወድቃል? እነሱ እኮ ያው ናቸው» አሉ ጋሽ ይበልጣል ወደ ሳጥኑ እያመለከቱ።

«ማሊያው ያው ነው። ሰዎቹ ናቸው የተለወጡት። ይገዙኝ የነበሩት እነዚህን ልጆች ሲጫወቱ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ዛሬ ግማሾቹ አርጅተዋል፣ ግማሾቹ ራሳቸው ሊሸጡልኝ ይመጣሉ። ወጣቱ የሚያውቀው የውጭ ክለብ ነው። ደግሞ አስመስሎ የሚሠራው በዛ። በሻይ ነክረው፣ በፀሐይ አስጥተው፣ 'የሃያ ዓመት ነው' ይሉዎታል። ሰው ማመን አቆመ።» ቀዩን ማሊያ አነሣው። «ይሄ የስንታየሁ ለመሆኑ አሁን ለገዢ ምን ማስረጃ አሳያለሁ?»

ጋሽ ይበልጣል በማይታጠፈው ጣታቸው የማሊያው ደረት ላይ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ አሳዩት። «ይኸው፤ የአፍንጫው ደም። ብናጥበው አልለቅ አለ።»

ሰውየው ፈገግ አለ። የንቀት ፈገግታ አልነበረም። «ጋሼ፣ ደም የማንም ደም ነው።»

ከዚያ ለጠቅላላው ሳጥን አንድ ዋጋ ነገራቸው። ልባሽ ልብስ ተከምሮ ከሚሸጥበት ዋጋ ብዙም የማይርቅ ነበር። ይህን የሚከፍለው ስለሚያከብራቸው እንጂ ሸጦ እሱንም እንደማያገኝበት ነገራቸው፤ እኔም አመንኩት። ምናለ አባቱን አየ። ጋሽ ይበልጣል ቀዩን ማሊያ ከጠረጴዛው ላይ ወስደው በእነዚያ ግትር እጆቻቸው ማጠፍ ጀመሩ። እጅጌው አልታጠፍ ብሎ አስቸገራቸው። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ በክርናቸው መለሱኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት ሰውየውን። «የለፋሁበትን ነገር ዋጋ ስለነገርከኝ።»

ውጭ ስንወጣ ምናለ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ባጃጅ ነበር አባዬ» አለ። «ያኔ አንድ ባጃጅ ነበር።» አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። ጋሽ ይበልጣል ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፤ «አውቃለሁ ልጄ» አሉ። እኔ ቤት አንድም እህል ሳይቀምሱ አደሩና ጠዋት ተሳፈሩ።

የቀረውን የነገረኝ ምናለ ነው። አውቶቡሱ እንጅባራ ሲደርስ አባቱ ድንገት ተነሥተው «እዚህ እንውረድ» አሉ። ዳንግላ እኮ ገና ነው ቢላቸው አልሰሙም። ሳጥኑን ከጣሪያ አስወርደው በባጃጅ ወደ ዘንገና ሐይቅ ሄዱ። ከሐይቁ በላይ ያለ መንደር ውስጥ አቶ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አሉ። በወጣትነታቸው ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ፤ ሲጋልቡ ወድቀው ጭናቸው ሲሰበር ያሰሯቸው ጋሽ ይበልጣል ናቸው። ግድግዳው መሃል ተሰቅሎ የኖረው እርካብ የእሳቸው ነው።

«ዕቃህን ልመልስልህ መጣሁ» አሏቸው ጋሽ ይበልጣል።

አቶ ካሳ እርካቡን አገላብጠው አዩና ሳቁ። «እኔ እኮ አንዱን ብቻ ነበር የሰጠሁህ። ሌላው እዚሁ ዝጓል። ሁለቱንም ልስጥህ ብዬ ነበር፣ ሚስቴ ከለከለችኝ።» የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ጥንዱን ከጎተራ ሥር አስፈለጉ፤ በአመድ አሹት፤ ልጁ በሚጋልባት ፈረስ ኮርቻ ላይ ሁለቱንም አሰሩ። ምናለ ያን ቀን አባቱን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቁ አየ። በማግስቱ ዳንግላ ሲገቡ ጋሽ ይበልጣል ማሊያዎቹን ግድግዳ ላይ አልመለሱም። እያንዳንዱን አውጥተው የማን እንደሆነ ለልጃቸው መንገር ጀመሩ።

እንዲህ አድርገው አንድ ዓመት ያህል ሲመልሱ ከረሙ። ምናለ በዚያን ጊዜ የሰው ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ስለነበር፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ሰዓት አባቱን ጭኖ ይወስዳል። ሁሉም በዕንባ የተቀበለ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጨርሶ አላስታወሰም። ሌላው፣ ቢሻው የሚባል የድሮ ተከላካይ፣ አመስግኖ ተቀብሎ በሳምንቱ ለብሶት ድንች ሲኮተኩት ታየ። ምናለ ተናድዶ ለአባቱ ሲነግራቸው «ታዲያ ለምን ይሰቀላል? ልብስ አይደል?» አሉት። ስንታየሁ ውጭ አገር ነው ተባለ። ቀዩን ማሊያ እህቱ ተቀበለች፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ጫግኒ ሲሄዱ አብሬ ነበርኩ። ለፋሲካ ቤተሰቤ ጋ መጥቼ ሳለ ጋሽ ይበልጣል አስጠሩኝ። «የበረኛው የአስናቀ እናት ጋ ልሄድ ነው። ልጅየው በመኪና አደጋ ሞቷል። እሳቸው ፊት ቃል ካጠረኝ አንቺ ታወሪልኛለሽ» አሉኝ። በሚኒባስ ወረድን። ከዳንግላ ብርድ ወጥተን ጫግኒ ስንደርስ ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ያዙ፤ ያለ ካፖርት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትንሽ ሰው ነበሩ።

የበረኛው እናት ወይዘሮ እናኑ ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው በርበሬ ይለቅማሉ። ጋሽ ይበልጣል ማን እንደሆኑ ተናግረው ጥቁሩን ማሊያ ዘረጉላቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ተቀበሉት። ገለበጡት። ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ አንድ ቁጥር በጣታቸው ዳበሱት።

«ይቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ክሩ ከነጠላዬ ጫፍ የመዘዝኩት ነው። ነገ ጨዋታ አለኝ ብሎ አስቸኩሎኝ፣ ይኸው እዚህ ጋ ተጣሞብኛል።» ከዚያ ቀና አሉ። «ምን ሆኖ ነው ለእርስዎ የሰጠዎት?»

ጋሽ ይበልጣል ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን አውቃለሁ። ራሳቸው መናገር ነበረባቸው።

«ትከሻው ወልቆ ነበር» አሉ። «መልሼለት ዳነ። 'ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ፣ ኳሱን ታስተወኛለች' ብሎ አስማለኝ።»

ወይዘሮ እናኑን ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁም ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «ያን ሰሞን በግራ እጁ ይበላ ነበር» አሉ ዕንባቸውን በማሊያው እጅጌ እየጠረጉ። «ምነው ስለው 'ቀኙ ሰልችቶት ነው' አለኝ። ይሄን ቀጣፊ! እኔም አምኜው።» ከዚያ ስለ ልጃቸው ብዙ አወሩን። ቀትሩ እስኪበርድ ድረስ አልለቀቁንም። ሲሸኙን ማሊያው ትከሻቸው ላይ ነበር።

በሚኒባሱ ስንመለስ ጋሽ ይበልጣል መስኮቱን ተደግፈው «ሸጬው ቢሆን ኖሮ ይሄን የበላበትን እጅ ማን ይነግረኝ ነበር?» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

ሳጥኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ብዙ አልቆዩም። የሞቱት በሰኔ ነው፤ ዝናብ ስለነበር ለቀብር ሳልደርስ ቀረሁ። ምናለ እስከ ዛሬ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። አግብቷል፣ ወልዷል፤ የራሱን ለመግዛት አሁንም ዕቁብ ይጥላል።

ባለፈው እሁድ እትዬ ጥሩወርቅን ልጠይቅ ሄድኩ። ሳሎኑ ገባሁ። ግድግዳው ከዓመታት በፊት እንደተቀባ ነው። ማሊያ ያልሸፈነው ቦታ ሁሉ ጢስና ፀሐይ በልቶት አመድማ ሆኗል። ማሊያ የነበረበት ግን ደማቅ ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል፤ እጃቸውን የዘረጉ፣ አንገት ያላቸው የማሊያ ቅርጾች፣ ከጣሪያ እስከ ወለል።

«አላስቀባሁትም» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ዓይኔን ተከትለው። «ምናለ ኖራ ላምጣ ይለኛል፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ግን እውነቱን ልንገርሽ? ያኔ መሸጥ ነበረበት። አሁንም እንደዚያ ነው የምለው። ልጄ በሰው መኪና ሲያረጅ ሳይ ያንገበግበኛል።»

እውነታቸውን ነው።

ከአልጋው ሥር አንድ ዘንቢል ስበው አወጡ። ማንጎ ነው። ወይዘሮ እናኑ ማንጎ በደረሰ ቁጥር በሚኒባስ ረዳት ይልኩላቸዋል፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ተያይተው አያውቁም፤ በስልክ ብቻ ነው የሚያወሩት። እትዬ ጥሩወርቅ አንዱን መርጠው ላጡት፤ ግማሹን በቢላው ጫፍ አድርገው ሰጡኝ። እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀምጠን በላን።